ጊዜው ተገኘ፣ ቀልቡ ጠፋ

በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ከቤት አትውጡ በተባለ በሦስተኛው ቀን አንድ ዝርዝር ጻፍኩ። ዐሥራ አራት መጻሕፍት ነበሩበት። ሁሉም ለዓመታት «ጊዜ ሳገኝ» እያልኩ ያቆየኋቸው፣ ሁሉም ሰው ፊት ስማቸው ቢጠራ አንባቢያቸውን የሚያስከብሩ፣ ከአንዱ በቀር ሁሉም ወፋፍራም ነበሩ። ገደቡ ተነሥቶ ሰው ወደ ሥራው ሲመለስ ከዐሥራ አራቱ ጨርሼ ያነበብኩት ያንኑ አንዱን ቀጭን ብቻ ሆነ። እሱም ወደ ዝርዝሩ የገባው በስሕተት ነው፤ ከርእሱ ተነሥቼ የታሪክ መጽሐፍ ይሆናል ብዬ ስገልጠው የግጥም መድበል ሆኖ ተገኘ።

በቀረው ጊዜ ምን ሠራሁ? ከዚያ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ያነበብኳቸውን የወንጀል ልብ ወለዶች እንደገና አነበብኩ። ገዳዩ ማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አውቃለሁ። እያወቅኩም አነበብኩ፤ እንዲያውም እውነቱን ለመናገር ያነበብኳቸው ስለማውቅ ነው። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚባለው ለመጻሕፍትም እንደሚሠራ ያን ጊዜ ተረዳሁ።

ስለዚያ ዘመን ንባቡ የተጠየቀ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ይመልሳል። አንዱ «እንደዚያ ጊዜ አንብቤ አላውቅም» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «አንድ ገጽ እንኳ መጨረስ አቅቶኝ ነበር» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እኔን የሚከነክነኝ ግን ብዙም የማይነሣው ሦስተኛው ጉዳይ ነው፦ ያነበበውስ ሰው ምን አነበበ? የማያውቀውን ሞከረ ወይስ የሚያውቀውን ደጋገመ?

ብዙ መነበቡን የሚያሳዩ ቁጥሮች ሞልተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ የሰየመው እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከሁለት ወር በኋላ ኒልሰን የተባለው የገበያ ጥናት ድርጅት በብሪታንያ ጠይቆ እንዳገኘው፣ 41 በመቶ የሚሆኑት ሰዎች ከበፊቱ የበለጠ እያነበቡ ነበር፤ ለንባብ የሚውለው ጊዜም በሳምንት ከሦስት ሰዓት ተኩል ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ አድጓል። በአሜሪካ በወረቀት የታተሙ መጻሕፍት ሽያጭ በዚያ ዓመት ካለፈው ዓመት በ8 በመቶ ገደማ ጨመረ። ለብዙ አገሮች ቤተ መጻሕፍት ዲጂታል መጻሕፍትን የሚያቀርበው ኦቨርድራይቭ በ2020 ብቻ 430 ሚሊዮን ውሰቶችን መዘገበ፤ ይህም ከቀደመው ዓመት በአንድ ሦስተኛ ይበልጣል።

ቁጥሮቹ የሚናገሩት ግን ስለ ብዛት ነው። በሳምንት ስድስት ሰዓት አንድ ዓይነት መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ከሦስት ሰዓት ተኩሉ አንባቢ ይልቅ በዚያው መንገድ ላይ ርቆ ሄደ እንጂ ወደ ሌላ መንገድ አልዞረም። እንደ እኔ እምነት ወረርሽኙ ለብዙዎቻችን ያደረገው ይህንን ነው፤ ንባባችንን አረዘመው፣ አላሰፋውም። ሊያሰፋው የሚችለው ነገር በራችን ሲዘጋ አብሮ ተዘግቶ ነበርና።

በቅድሚያ ግን አንድ ሐቅ መነገር አለበት። «ጊዜ ተገኘ» የሚለው ወሬ የሁሉም ሰው ወሬ አልነበረም። ዩኔስኮ እንዳስታወቀው ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት በኤፕሪል 2020 ከትምህርት ገበታ የራቁት ልጆችና ወጣቶች 1.6 ቢሊዮን ይጠጋሉ። እያንዳንዱ ልጅ ቤት ውስጥ የሚጠብቀው፣ የሚያስጠናውና የሚያባብለው ሰው ይፈልጋል። የጤና ባለሙያዎች፣ ሾፌሮች፣ መደብር ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ቤት አልተቀመጡም። ስለዚህ «ወረርሽኙ አንባቢ አደረገኝ» የሚል ሰው በቅድሚያ የዕድለኞች ወገን መሆኑን ማወቅ ይገባዋል። እኔም ከነሱ አንዱ ነበርኩ።

በዚያ ሰሞን ከስልክ ወደ ስልክ የሚተላለፍ አንድ ታሪክ ነበር። በ1665 ወረርሽኝ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲን ባዘጋ ጊዜ አይዛክ ኒውተን ወደ ትውልድ መንደሩ ሄዶ የስበትንና የብርሃንን ምሥጢር ሲመረምር ከረመ፤ አንተስ ምን እየሠራህ ነው? የሚል። ታሪኩ በአመዛኙ እውነት ነው። የሚያናድደው የተነገረበት መንገድ ነው። ኒውተን የሚያስጠናው ልጅ አልነበረውም፤ በየሰዓቱ የሟቾችን ቁጥር የሚነግረው ስልክም አልነበረውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሲጨነቅበት የነበረውን ጥያቄ ይዞ ነው ወደ ቤቱ የሄደው። የለመደውን ሥራ ቀጠለ እንጂ አዲስ ፍላጎት ከባዶ ሜዳ አልፈለቀለትም። እኔ ግን ያን ታሪክ በላኩልኝ ቁጥር ዐሥራ አራቱን መጻሕፍት አያቸውና አንገቴን እደፋ ነበር።

ታዲያ ጊዜ እያለ ለምን አልተነበቡም? ማንበብ ቀላል ሥራ የሚመስለን ስለለመድነው ነው። የአንድን ረጅም ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ለመረዳት መጀመሪያውን በአእምሮ ይዞ መቆየት ያስፈልጋል። ልብ ወለድ ከሆነ ማን የማን ወንድም እንደሆነ፣ ማን ምን እንደደበቀ መያዝ ይጠይቃል። አእምሮ ነገሮችን ለጥቂት ጊዜ ይዞ የሚሠራበት ቦታ ደግሞ ጠባብ ነው። ጭንቀት የሚገባው እዚያው ቦታ ነው። የታመመ ዘመድ፣ ያልተከፈለ ደመወዝ፣ የሚያስል ጎረቤት አንድ ጊዜ ከገቡ አይወጡም። ዓይን መስመሩን ይከተላል፣ ልብ ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ገጹ አልቆ ምን እንዳነበቡ ሲጠየቁ መልስ የለም። ቀልብ ጠፋ የምንለው ይህንን ነው፤ ስንፍና አይደለም።

የሚታወቅ መጽሐፍ ታዲያ ለዚህ መፍትሔ ይሆናል። ገጸ ባሕርያቱን ለመያዝ አዲስ ቦታ አይጠይቅም፤ መጨረሻውም አያስደነግጥም። በዙሪያችን ያለው ነገር ሁሉ መጨረሻው በማይታወቅበት ወቅት መጨረሻው የታወቀ ነገር ማንበብ እንደ መድኃኒት ነው። እኔ የድጋሚ ንባብን አልነቅፍም። ሦስት ሳምንት፣ አንድ ወር ያስታምማል። ችግሩ መድኃኒቱ ልማድ ሲሆን ነው።

አዲስ ዓይነት መጽሐፍ የሚከብድበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህኛው ከወረርሽኙ ጋር አይገናኝም፣ ግን ነገሩን ሁሉ ይገልጠዋል። ዶና ሬክትና ሎረን ሌስሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1988 ባሳተሙት ጥናት 64 ተማሪዎችን ስለ አንድ የቤዝቦል ጨዋታ የሚተርክ ጽሑፍ አስነበቡ። ከተማሪዎቹ ግማሾቹ ጎበዝ አንባቢዎች፣ ግማሾቹ ደካሞች ነበሩ፤ በየወገኑ ደግሞ ስለ ጨዋታው ብዙ የሚያውቁና ጥቂት የሚያውቁ ነበሩበት። ያነበቡትን መልሰው እንዲተርኩና በአሻንጉሊት ሜዳ ላይ እንዲያሳዩ ሲጠየቁ፣ ጨዋታውን የሚያውቁት ደካማ አንባቢዎች ጨዋታውን የማያውቁትን ጎበዝ አንባቢዎች በለጧቸው።

ይህን ወደ ራሳችን መደርደሪያ እናምጣው። ሠላሳ ዓመት ታሪክ ያነበበ ሰው የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ገልጦ በዐሥረኛው ገጽ ሲደክመው «ይህ ለእኔ የሚሆን አይደለም» ይላል። የግጥም አንባቢ ስለ ሕዋስ የሚያወራ መጽሐፍ ሲገጥመው እንዲሁ ይላል። የጣዕም ጉዳይ ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የጨዋታውን ሕግ አለማወቅ ነው። ጎበዝ አንባቢ መሆናችን ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል፤ በለመድነው መስክ ፈረስ ላይ እንደምንጋልብ ስለምናውቅ በአዲሱ መስክ በእግር መሄድ ያሳፍረናል።

ደስ የሚለው ዜና ሕጉ የሚለመድ መሆኑ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ዛዮንስ በ1968 ለሰዎች ትርጉም የሌላቸው ቃላትን፣ የማያውቋቸውን ፊደላትና የሰው ፎቶግራፎችን እየደጋገመ አሳይቶ ነበር። ብዙ ጊዜ ያዩትን ጥቂት ጊዜ ካዩት ይልቅ ወደዱት። ምክንያቱ መልመድ ብቻ ነበር፤ ነገሮቹ ምንም አልተሻሻሉም። እንግዲህ የምንወደውን እናውቃለን ብቻ ሳይሆን ያወቅነውንም እንወዳለን ማለት ነው። ስለዚህ የአዲስ ዘውግ፣ የአዲስ ዓይነት ድርሰት ማለቴ ነው፣ የመጀመሪያ ሃያ ገጾች ምስክርነታቸው አይታመንም። የሚመሰክሩት ስለ እንግዳነታችን ነው።

እስከ ምን ድረስ መታገሥ ይገባል ለሚለው የሲያትሏ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ናንሲ ፐርል የታወቀ መለኪያ አላት፦ 50 ገጽ አንብብ፣ ካልጣመህ ተወው። ከ50 ዓመት በላይ የሆነው ሰው ደግሞ ዕድሜውን ከ100 ቀንሶ የቀረውን ያህል ገጽ ብቻ ይሞክር። ዕድሜ ሲገፋ ለመጥፎ መጽሐፍ የሚባክን ጊዜ ያንሳል ማለቷ ነው። ለአዲስ ዘውግ ግን ይህን መለኪያ በአንድ መጽሐፍ ላይ መጣል አይበቃም ባይ ነኝ። ሦስት መጽሐፍ ላይ ይሞከር። የመጀመሪያው ሕጉን ያስተምራል፣ ሁለተኛው ያለማምዳል፣ ፍርድ የሚሰጠው በሦስተኛው ነው።

አሁን ወደ ተዘጋው በር ልመለስ። በ2020 ጸደይ ቤተ መጻሕፍትና የመጻሕፍት መደብሮች በብዙ አገሮች ተዘጉ። ጣሊያን መደብሮቹን ለመክፈት የፈቀደችው በኤፕሪል 14 ነው፤ ያኔም አንዳንድ ክልሎች እምቢ አሉ። ፈረንሳይ ውስጥ በዚያው ዓመት መጸው በተጣለው ሁለተኛ ገደብ የመጻሕፍት መደብሮች ሲዘጉ ጭቅጭቅ ተነሣ፤ መንግሥት ለፍትሐዊነት ብሎ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶችም የመጻሕፍት ክፍላቸውን እንዲዘጉ አደረገ። የምግብ ዕቃው ሲሸጥ ከጎኑ ያሉት መጻሕፍት ታጥረው ይታዩ ነበር። በፌብሩወሪ 2021 ግን የመጻሕፍት መደብሮች አስፈላጊ አገልግሎት ከሚሰጡት ተቆጠሩ። የኢንተርኔት መደብሩ አማዞን ራሱ በማርች 2020 ለሳምንታት በመጋዘኖቹ ለቤት ውስጥ ፍጆታና ለሕክምና ዕቃ ቅድሚያ ሰጥቶ መጻሕፍትን አዘግይቷል።

ክርክሩ መጽሐፍ አስፈላጊ ዕቃ ነው ወይስ አይደለም በሚል ላይ ነበር። እኔ እንደማስበው ግን ጥያቄው ዒላማውን ስቶ ነበር። መጽሐፉ ራሱ አልጠፋም። በፖስታ ይመጣል፣ በስልክ ይነበባል፣ በድምፅ ይደመጣል። የጠፋው በመደርደሪያዎች መካከል መንከራተት ነው። አሜሪካዊው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሜልቪል ዱዊ በ1876 ያወጣው መጻሕፍትን በየርእሳቸው የመመደቢያ ቁጥር ለብዙ ሰው አሰልቺ የቢሮ ሥራ ይመስላል፤ ግን አንድ መጽሐፍ ፍለጋ የሄደ ሰው ከጎኑ የቆመውን የማያውቀውን ሌላ መጽሐፍ እንዲያይ የሚያደርገው ይኸው ነው። ከዚያም መውጫው ላይ አንድ ሰው አሁን የመለሰው መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ሽፋኑ ይስባል። ይዘነው እንወጣለን። የሰው የንባብ ጣዕም የሚሰፋው በአብዛኛው እንዲህ ሳያስበው ነው።

በኢንተርኔት ግን የፍለጋ ሣጥን ውስጥ የማያውቁትን ነገር ስም መጻፍ አይቻልም። የምንፈልገውን ቀድመን እንድናውቅ ይጠየቃል። እኛ ካላወቅን የሚያውቅልን አልጎሪዝሙ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ የመምረጫ ስሌት ነው። አማዞን ከ1998 ጀምሮ የሠራበትና መሐንዲሶቹ በ2003 አሠራሩን በጽሑፍ ያስረዱት ዘዴ መሠረቱ ቀላል ነው፤ መጻሕፍቱን ከመጻሕፍት ጋር ያዛምዳል። ይህን የገዙ ሰዎች ያንንም ከገዙ ሁለቱ ዘመድ ናቸው፤ አንዱን ለገዛ ሌላው ይቀርብለታል። ዘዴው ይሠራል፣ ለዚህም ነው የተስፋፋው። የሚሠራው ግን ትናንት ከሆንነው ተነሥቶ ነው። የወንጀል ልብ ወለድ ያነበበ ሰው የወንጀል ልብ ወለድ ይታየዋል፤ የታየውን ይገዛል፤ መግዛቱ ደግሞ ለሚቀጥለው ማስረጃ ይሆናል። ጭንቀት ወደ ለመድነው እየገፋን ሳለ መሣሪያው በር ላይ ቆሞ የለመድነውን ያቀብለናል። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ።

ወረርሽኙ አልፏል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የአስቸኳይ ጊዜውን ሜይ 5 ቀን 2023 አንሥቷል። ይህ የመምረጥ ልማድ ግን አልተነሣም። ብዙ ሰው በዚያ ሰሞን ከስክሪን መምረጥ ጀመረ፣ እዚያው ቀረ። ጉዳዩን አሁን ማንሣቴም ለዚህ ነው።

በሩን በኃይል ለመክፈት የተደረገ አንድ ሙከራም ነበር። ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው የዲጂታል መዝገብ ቤት በማርች 24 ቀን 2020 የአስቸኳይ ጊዜ ቤተ መጻሕፍት ብሎ 1.4 ሚሊዮን ገደማ በስካነር የተቀዱ መጻሕፍትን ያለ ወረፋ ለማዋስ ከፈተ። ከዚያ በፊት አንድ ቅጂ ለአንድ ሰው ብቻ ነበር የሚያውሰው። እኔም ገብቼ እንደ ልጅ ተንከራትቻለሁ፤ በየገጹ አዲስ ነገር ነበር። ጁን 1 ላይ አራት ትልልቅ አሳታሚዎች ከሰሱት፣ ጁን 16 ላይ ዘጋው። ፍርድ ቤት በማርች 2023 ለአሳታሚዎቹ ፈረደ፤ ይግባኙም በሴፕቴምበር 2024 ውድቅ ሆነ። በሕጉ በኩል ለደራሲው አደላለሁ፤ ሥራውን ሸጦ የሚኖር ሰው ሳይጠየቅ ለዓለም ሁሉ መታደሉ አያስማማኝም። ግን የአንባቢው ረኀብም እውነት ነበር። የሚገዛ ሰው የሚያውቀውን ይገዛል፤ ገንዘብ ማባከን ስለማይፈልግ። የማያውቀውን የሚሞክረው ሲዋስ ነው። ውሰት ሲጠብ ጣዕምም ይጠባል።

ከሁሉም ደስ ያሰኘኝ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ዘዴ ነው። በአሜሪካ የተደረገ ምርመራ ቫይረሱ በመጻሕፍት ሽፋንና ገጽ ላይ ለቀናት ሊገኝ እንደሚችል፣ በተደራረቡ መጻሕፍት ላይ ደግሞ ይበልጥ እንደሚቆይ ስላሳየ፣ የተመለሱ መጻሕፍት ለቀናት ተነጥለው ይቀመጡ ነበር። መጽሐፍ ለይቶ ማቆያ ገባ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ከልቤ ስቄያለሁ። ሰዎች ወደ ውስጥ መግባት ስለማይችሉ በብዙ ቦታ ሠራተኞቹ «ምን ዓይነት ነገር ትወዳለህ?» ብለው ጠይቀው ከረጢት ሞልተው በር ላይ ያስቀምጡ ጀመር። ልምድ ያለው ሠራተኛ የተጠየቀውን ሁሉ አያደርግም። አራቱን በተጠየቀው መሠረት ያደርግና አምስተኛውን ከራሱ ይጨምራል። ያ አምስተኛው መጽሐፍ ከሺህ የአልጎሪዝም ጥቆማ ይሻላል።

አምስተኛውን መጽሐፍ በሌላ ሰው እጅ ማስመረጥ የቆየ ብልኃት ነው። ጣሊያናዊው ደራሲ ጆቫኒ ቦካቾ በ14ኛው መቶ ዓመት በጻፈው ዴካሜሮን በሚባለው መጽሐፍ፣ በ1348 የፍሎሬንስን ከተማ የመታውን የወረርሽኝ መቅሠፍት የሸሹ ሰባት ሴቶችና ሦስት ወንዶች በዐሥር ቀን መቶ ታሪክ ይተራረካሉ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ የማይነሣው የጨዋታው ደንብ ነው፦ በየቀኑ አንድ ሰው ይነግሣል፤ ከሁለት ቀን በቀር ንጉሡ ወይም ንግሥቲቱ የቀኑን ርእስ ይወስናሉ፤ ሌሎቹ በዚያ ርእስ ይተርካሉ። አንዱ ብቻ ከደንቡ ነጻ እንዲሆን ለምኖ ተፈቅዶለታል። ማንም የወደደውን ብቻ እየተናገረ ዐሥር ቀን አይከርምም። የንባብ ማኅበር ያላቸው ወዳጆቼ ሁሉ ይህን ደንብ ቢይዙት ደስ ይለኛል። በድምፅ ብልጫ የሚመርጥ ማኅበር ማንም የማይጠላውን፣ ማንም የማይደነቅበትን መሐለኛ መጽሐፍ ይመርጣል። በተራ የሚያነግሥ ማኅበር ግን አንዳንዴ ያማርራል፣ አንዳንዴ ዓይን ይከፍታል።

ክስተትም መጽሐፍ ይመርጣል። በሜይ 2020 ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ እጅ ከተገደለ በኋላ ስለ ዘር መድልዎ የሚያወሩ መጻሕፍት በአሜሪካ የሽያጭ ዝርዝሮችን ከላይ እስከ ታች ያዙ። ብዙ ሰው በሕይወቱ ገልጦት ወደማያውቅ መስክ ገባ። መግባቱ መልካም ነው። ግን መጽሐፍ መግዛት ሐዘን መድረስ ሲሆን ሰው ለቅሶውን ደርሶ ይመለሳል። በዚያ መስክ የቀሩት ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መጽሐፍ ፍለጋ የሄዱት ናቸው።

«ለምን ላስፋ? ያለኝ ይበቃኛል» ለሚል ሰው ጥሩ መልስ የለኝም፤ የሐኪም ትእዛዝ አይደለምና። በ2013 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ጥሩ ሥነ ጽሑፍ ለአጭር ጊዜ ማንበብ የሌላውን ሰው ስሜት የመረዳት ችሎታን ይጨምራል ብሎ ዓለምን አስደስቶ ነበር። በ2018 ሌሎች ተመራማሪዎች በታላላቅ መጽሔቶች የወጡ 21 ሙከራዎችን ደግመው ሲፈትሹ ይህኛው ካልተደገሙት ወገን ሆነ። ስለዚህ ንባብ ደግ ያደርግሃል፣ ብልኅ ያደርግሃል እያልኩ አልሰብክም። የማውቀው የደረሰብኝን ብቻ ነው።

የደረሰብኝም ይህ ነው። የወንጀል ልብ ወለዶቹ እጅ እጅ ሲሉኝ ከነዚያ ዐሥራ ሦስት ወፋፍራሞች ሌላ ቤት ውስጥ ያልተነካ የቀረው ታላቅ እህቴ ከዓመታት በፊት ካርቶን ውስጥ ትታው የሄደችው የጂኦሎጂ መማሪያ ብቻ ነበር። ድንጋይ! በሕይወቴ ስለ ድንጋይ አንብቤ አላውቅም። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለመጨረስ አራት ቀን ፈጀብኝ፤ የቃላቱን ትርጉም በብጣሽ ወረቀት እየጻፍኩ። ከዚያ ስኮትላንዳዊው የጂኦሎጂ ተመራማሪ ጄምስ ኸተን በ1788 በስኮትላንድ ጠረፍ ሲካር ፖይንት በሚባለው ስፍራ ያየው ነገር መጣ። ከታች ቀጥ ብለው የቆሙ የድንጋይ ንብርብሮች፣ ከላያቸው ዘንበል ብለው የተኙ ሌሎች ንብርብሮች። የታችኞቹ በባሕር ወለል ተኝተው ተጠራቅመው፣ ጠንክረው፣ ተገፍተው ቆመው፣ አናታቸው በነፋስና በውኃ ተሸርሽሮ፣ እንደገና ሰምጠው ነው ሌላው የለበሳቸው። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገውን ጊዜ ሳስብ መጽሐፉን አስቀምጬ ተነሣሁ።

ዕድሜዬን ሙሉ ታሪክ ሳነብ ሦስት መቶ ዓመት ረጅም ጊዜ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ የጦርነት ታሪክ ሳነብ እንኳ ሠራዊቱ የሰፈረበት ኮረብታ ከምን እንደተሠራ፣ ወንዙ ለምን እዚያ ላይ እንደሚታጠፍ እጠይቃለሁ። የድሮው ፍቅሬ አልቀነሰም፤ አዲሱ ከበታቹ ገብቶ መሠረት ሆነው። ይህን ማንም ቢመክረኝ አልሰማውም ነበር። ምንም ዝርዝር ውስጥም አልነበረም።

ከዚህ ልምድ ለሌላ ሰው የሚተርፍ ነገር ቢኖር ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ ቀልብ በጠፋበት ጊዜ ወፍራሙን ትቶ አጭሩን መያዝ ነው፤ ግጥም፣ አጭር ልብ ወለድ፣ ደብዳቤ፣ ወግ። አንድ ግጥም ለማንበብ ሁለት ደቂቃ ቀልብ ይበቃል፤ ሁለት ደቂቃ ደግሞ ሐዘን ቤትም ይገኛል። ሁለተኛው፣ በአንድ ጊዜ ሁሉንም አለመለወጥ ነው። የልብ ወለድ ወዳጅ ወደ ሳይንስ መሻገር ቢፈልግ በታሪክ መልክ የተተረከ የሳይንስ መጽሐፍ ይያዝ፤ ርእሱ እንግዳ ቢሆንበትም መንገዱ አገሩ ነው። የማያነበውን ደራሲ የሚያዳምጠውም ሰው አለ፤ በድምፅ ሲመጣ ያ የሚያስፈራው ረጅም ዓረፍተ ነገር በተራኪው ትንፋሽ ይከፋፈልለታል።

እህቴ መጽሐፏን ባለፈው ዓመት መልሳ ወሰደችው። ዕልባት አድርጌ የተጠቀምኩበት ያ የዐሥራ አራቱ መጻሕፍት ዝርዝር ውስጡ መቅረቱን ያወቅኩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ስትደውልልኝ ነው። ወረቀቱን አግኝታዋለች፤ ምልክት የተደረገበት አንዱ ብቻ ስለሆነ ይህስ ምን ቢሆን ነው ብላ ፈልጋ አስመጥታዋለች። በዕድሜዋ ከትምህርት ቤት በኋላ ግጥም አንብባ አታውቅም።

«ገጽ 17 ላይ ያለው» አለችኝ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም፣ «ሁለተኛው ስንኝ ምን ማለቱ ነው?»